ቤት የማይገባው አበባ

ባለፈው ግንቦት ወንድሜ የረሳውን ዕቃ ላመጣለት ስቶክሆልም ዳር ወዳለችው ፊቲያ ወረድኩ። ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወጥቼ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደሄድኩ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ስዊድኖች ሃግቶርን የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጭ ያብባል፤ ከሩቅ ሲያዩት ለጥምቀት የለበሰ ሰው ይመስላል። ቀርበው ሲያሸቱት ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ማር ማር ይላል፤ ከዚያ ከማሩ ሥር ከፍሪጅ ውጭ ያደረ ሥጋ ዓይነት ሽታ ይመጣል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። እኔ ቆሜ እስኪበቃኝ ሳብኩት። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። ትየኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የስዊድን በጋ ሙሉ፣ በዚህ አበባ ሰው ገድያለሁ ብዬ አምን ነበር።

ያኔ ከሐይቁ በላይ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። አባቴ ሜርስታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ሻንጣ ይጭናል። ከፊቲያ ሜርስታ ማለት ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነውና እኔ ስነሳ ሄዷል፣ ስተኛ አልመጣም። እናቴ በታኅሣሥ ወንድሜን ናቲን ወልዳ ቤት ውላ ታድር ነበር። እሷ በአማርኛ ታናግረኛለች፣ እኔ በስዊድንኛ እመልሳለሁ፤ እንዲህ እየተባባልን እንግባባለን።

ምድር ቤቱ ላይ ኑላ የምትባል አየርላንዳዊት አሮጊት ትኖር ነበር። መርከበኛ ባሏን ተከትላ ስቶክሆልም መጥታ፣ ባሏ ሞቶ እሷ ቀረች። ስዊድንኛዋ ከእናቴ ስዊድንኛ ብዙም አይሻልም። በአማርኛ ባዋራት ኖሮ እርስዎ ነበር የምላት። ስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለው ግን አንቺ እያልኩ፣ እንደ እኩያዬ በስሟ እጠራታለሁ። እናቴ በሰማች ቁጥር «ስድ!» ትለኛለች። ኑላ እናቴ ምን እንዳለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሰላም እያለችሽ ነው እላታለሁ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ የስልክ ካርድ ፍቃ ሀገር ቤት፣ ሰንዳፋ ትደውላለች። አክስቴን ካዋራች በኋላ ሁሌም ጥያቄዋ አንድ ነው። «አባባስ? እስኪ አቅርቢልኝ።» አባባ ከአክስቴ ጋር የሚኖረው አያቴ ነው። በዚያ የስዊድን ክረምት አባባ አንድም ቀን ስልኩ አጠገብ አልተገኘም። አንዴ ንግሥ ሄዷል፤ አንዴ ጆሮው አልሰማ ብሎታል፤ አንዴ መስመር የለም። «ይሄ ሽማግሌ እንዲህ ዟሪ መሆኑን መች አውቄ!» ትልና ትስቃለች። አባቴ ቤት ካለ በዚህ ጊዜ ተነስቶ ቆሻሻ ሊጥል ይወጣል። ቆሻሻ መጣል የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ሊዘጋ አካባቢ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሃግቶርኑ አበበ። ክንዴ እስኪጫጫር ከእሾሁ ጋር ታግዬ አንድ እቅፍ ቀጠፍኩ። ቤት አምጥቼ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ከትቼ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሽታው አስጠልቶኝ መስኮት ከፍቼ ተኛሁ። አበባን ለሽታው ሲሉ መጣል ግን ነውር መስሎኝ ተውኩት።

በማግስቱ የነቃሁት በንጋት፣ በኮሪደሩ ኮቴ ነው። ብቅ ብዬ ሳይ በራፋችን ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ጥቁር ጥቁር የአዋቂ ጫማ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ቄሱ፣ የማኅበሩ ወንዶች፣ እንደ አክስት የማያቸው እትዬ ፀዳለ፣ ሁሉም ነጠላ ለብሰው በካልሲያቸው ቆመዋል። አንድም ሰው አያወራም። እናቴ መኝታ ቤት ናት፤ በሩ ዝግ ነው።

ወዲያው ገባኝ። እንዴት አይገባኝም? ስዊድን ውስጥ ልደቱ የሆነ ሰው የሚከበረው ገና አልጋው ላይ እያለ ነው። ቤተሰቡ በጠዋት ተነስቶ፣ ኬክና አበባ በትሪ ይዞ፣ ኮቴውን አጥፍቶ መኝታ ቤት ይገባና በአንድ አፍ ይዘምራል። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ይህን ያወራሉ። እኛ ቤት አንድም ቀን ተደርጎ አያውቅም። ዛሬ የእማ ልደት ነው፤ በመጨረሻ እኛም እንደ ሰው ሆንን ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። አበባ የያዘ ሰው ግን አንድም አልነበረም! ሮጥኩና ብርጭቆዬን አመጣሁ። በአዋቂዎቹ እግር መሐል ተሹለክልኬ ከሁሉም ፊት ቆምኩ። እትዬ ፀዳለ ትከሻዬን ሊይዙኝ ሞከሩ፤ አልተያዝኩም። አባቴ በሩን ከፈተው።

እናቴ ተነስታ ተቀምጣ ናቲን እያጠባች ነበር። አበባውን ዘረጋሁላት፤ ልዘምርም አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እኔን አላየችም። በእኔ አናት ላይ አሻግራ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ማነው?» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ማነው የሞተብኝ? አባቴ ነው?»

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእናቴ መሆኑን ያወቅኩት አፏ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው። አንድ ሰው ናቲን ከእቅፏ ተቀብሎ ለአባቴ ሰጠው፤ አባቴ እኔን በሌላ እጁ አንጠልጥሎ፣ ሁለታችንንም ይዞ ኑላ ቤት አወረደን። ብርጭቆው እናቴ ራስጌ፣ ኮመዲኖው ላይ ቀረ።

ኑላ ተቀበለችን። ዳቦ ላይ ማር ቀብታ ሰጠችኝ፤ ናቲን ጭኗ ላይ አድርጋ በማላውቀው ቋንቋ አንጎራጎረችለት። እኔ ጣሪያውን እያየሁ የላይኛውን ፎቅ ለቅሶ ለመስማት እሞክራለሁ። አይሰማም፤ በመሐላችን ብዙ የሰው ቤት አለ።

ከቀናት በኋላ ኑላ ኬክ ጋግራ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። ኑላ እናቴን መኝታ ቤት ገብታ ጨበጠቻት፤ ወዲያው ዓይኗ ኮመዲኖው ላይ አረፈ። አበባው ረግፎ፣ ውኃው ደፍርሶ፣ ክፍሉን ያ ሽታ ሞልቶታል። ኑላ ፊቷ ተለዋወጠ። ብርጭቆውን ከእነ አበባው አንስታ፣ በሴቶቹ መሐል አልፋ፣ ደረጃውን ሁሉ ወርዳ ውጭ ደፋችው። ሴቶቹ «ባለሙያ ናት፣ ልታጸዳ ነው» ተባባሉ። እኔ ተከትያት ወረድኩ።

«ለምን ጣልሽው?» አልኳት።

«ይሄ አበባ ቤት አይገባም» አለች። «ዛፉ የማይታዩ የራሱ ባለቤቶች አሉት፤ እኛ ሀገር ማንም አይቀጥፈውም። ቤት ካስገቡት ሞት ይዞ ይገባል። ማን ይሆን ያመጣው?»

አላውቅም አልኳት። አበባውን ማታ አስገባሁ፣ ጠዋት አባባ ሞተ። ይህን ለመደመር ሒሳብ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም።

በጋው እንዲህ ጀመረ። ሰዉ መምጣት ሲያቆም እናቴ ሶፋው ላይ ቀረች። እትዬ ፀዳለ ያለበሷትን ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ጡቷ ደርቆ ናቲ ወደ ጡጦ ዞረ። ለአባቴ ከአዎና ከአይ ሌላ ቃል የላትም። እሱ ሲገባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። አባቴ ሥራ ቀንሶ ገንፎ ያገነፋል፣ ዳይፐር ይቀይራል፣ የማይጣል ነገር ሳይቀር ቆሻሻ እያለ ይጥላል። ለምን እንዲህ እንደተኳረፉ አልገባኝም፤ ግን ሁሉም በእኔ እንደመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። አባባ ሄደ፤ ቀጥሎ እማ ልትሄድ ነው። ምግብ አልበላ አለኝ። እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር ያ ማር ማር የሚለው ነገር ይሸተኛል።

አንድ ቀን ኑላ ቤት ቁጭ ብለን አተር ስንፈለፍል እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

«አንድ ሰው ሳያውቅ ያንን አበባ ቤት ቢያስገባስ? መድኃኒት አለው?»

ኑላ አተሯን ትታ አየችኝ። የገባት ይመስለኛል።

«እኔ ባደግኩበት መንደር የተቀደሰ ምንጭ ነበር» አለች። «አጠገቡ እንዲሁ እሾሃም ዛፍ አለ። ሰው ሲታመም ከልብሱ ይቀደድና ዛፉ ላይ ይታሰራል። ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮት ይሄዳል። የአያቴ አያት ያስሩ ነበር፤ ከክርስትናም በፊት ነበረ ይባላል። ቄሳችን እሑድ እሑድ ይህን ሲያወግዝ ውሎ፣ ጥርሱን ሲያመው ተደብቆ ሄዶ አስሯል።»

«ጠበል ነው» አልኳት።

«ምንድነው እሱ?»

እንደምንም አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ታዲያ ታውቁታላችሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ፦ ያሰሩትን መፍታት የለም። የሌላውን ጨርቅ የፈታ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይገባል።»

በዚያው ሳምንት እናቴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ከነጠላዋ ጫፍ፣ ጥቁሩ ጥለት ካለበት በኩል፣ የጣት ያህል ስፋት በመቀስ ቆርጬ ወጣሁ። ምንጭ ባይኖርም ሐይቁ አለ፤ ውኃ ያው ውኃ ነው ብዬ አበባውን የቀጠፍኩበት ዛፍ ላይ አሰርኩት። አበባው ረግፎ ዛፉ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል። ይቅርታም ጠየቅኩት፤ በስዊድንኛ፣ የዚህ ሀገር ዛፍ ስለሆነ።

ከዚያ መበስበሱን መጠበቅ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደስ ይለኛል። ልጆች ሁሉ ፀሐይ ፀሐይ ሲሉ እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ደመና እለምናለሁ። ወርጄ ሳየው ጨርቁ ይቆሽሻል፣ ይደርቃል፣ ምንም አይሆንም። የሀገር ጥጥ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ማን ነገረኝ? ጥርሴን አስገብቼ ሁሉ ሞክሬዋለሁ። ቤት ስገባ እናቴ ፊቷ ያው ግድግዳው ላይ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን እትዬ ፀዳለ ደወል ሳይነኩ በሩን ደበደቡት። የጠበል ጀሪካን በእጃቸው፣ ላብ በግንባራቸው።

«ተነሽ!» አሉ። «ተነሽ አንቺ ልጅ! ለምን እንደዚህ እንደሆንሽ ዛሬ ተገኘ። ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ፣ እሾህ ዛፍ ላይ፣ ከነጠላሽ ተቆርጦ ተቋጥሮ አየሁት። ጥለቱን እኔ ነኝ ያሸመንኩት፣ አይጠፋኝም። መተት ነው!»

እናቴ ነጠላዋን ገፋ አድርጋ ጫፉን ተመለከተችው። የተቆረጠው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ጎድሎ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ፊቷ ላይ ደም ሲዞር ያየሁት ያኔ ነው።

«አባቴን እንዳልቀብር መደረጌ አልበቃ ብሎ?» አለች። «ደግሞ መተት?»

ተነሳች! በቤት ጫማዋ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ናቲን ታቅፋ ሊፍቱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደችው። እትዬ ፀዳለ ከነጀሪካናቸው ከኋላዋ። እኔ ቀድሜ ሮጬ የኑላን መስኮት ደበደብኩ። «ሊፈቱት ነው! ሊፈቱት ነው!»

ዛፉ ጋ ስንደርስ እናቴ እጇን ዘርግታለች። ኑላ እያለከለከች ከኋላ ጮኸች።

«አትንኪው በያት! የፈታ ሕመሙን ይወስዳል!»

ሁሉም እኔን ያየኛል። እናቴ ስዊድንኛው በዚህ ፍጥነት አይገባትም። ለዓመታት ሳልናገረው የኖርኩት አማርኛ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ግን መጣ።

«እማ፣ አትፍቺው። ሕመም አለው። የፈታው ሰው ይታመማል።»

«የማን ሕመም? ማነው ያሰረው?»

«ያንቺ ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«ለምን?»

«አባባን ስለገደልኩት።»

እትዬ ፀዳለ «በስመ አብ!» ብለው ጀሪካኑን አስቀመጡ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። አበባውን ከዚህ ዛፍ ቀጥፌ ማታ ቤት እንዳስገባሁ፣ ይህ አበባ ሞት እንደሚያስገባ እንዳላወቅኩ፣ ጠዋት ሰዎቹ ሲመጡ ልደት መስሎኝ ራስጌዋ እንዳቆምኩት፣ ሁሉንም እያነባሁ ተናገርኩ። እናቴ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ናቲን ለእትዬ ፀዳለ አቀብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ጎትታ ፊቷ አቆመችኝ።

«ስሚኝ» አለች። «አባባ መቼ ነው የሞተው?»

«ሰዎቹ የመጡ ጠዋት።»

«አይደለም። በጥቅምት ነው የሞተው። ናቲ ሆዴ ውስጥ ነበረ። እርጉዝ ናት ብለው ደበቁኝ፤ ስወልድ አራስ ናት ብለው፣ ክርስትናው ይለፍ ብለው፣ ፋሲካው ይለፍ ብለው። አክስትሽ ንግሥ ሄደ ስትለኝ እሱ አፈር ከገባ ቆይቷል። አርባው ወጥቷል፣ ሁሉም ሰው አልቅሶ ጨርሷል። አባትሽ ሁሉንም ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ እስቅ ነበር።» ትንፋሿን ዋጠች። «በጥቅምት ይሄ ዛፍ አበባ አለው?»

አሰብኩ። በጥቅምት ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚህ ነው የማልፈው።

«የለውም» አልኩ። «ቀይ ፍሬ ብቻ ነው።»

«ታዲያ?»

ታዲያ! ከደረቴ ላይ የወረደውን ነገር ዛሬም ማስታወስ እችላለሁ፤ እላይዋ ላይ ወደቅኩ። አልገደልኩትም። አበባው ሳይኖር፣ እኔ ጓንቴን አድርጌ ትምህርት ቤት ስመላለስ፣ አባባ በራሱ ጊዜ ሞቶ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። አያቱ ስለሞተ ደስ ያለው ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን በጥቅምት በመሞቱ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

እናቴ ትስቅ ጀመር። «ደብቀውኝ ስቃጠል በጋው አለቀ» አለች፤ «ለካ ለአንድ ሰው ጠቅሟል።» እየሳቀች ተነስታ ወደ ዛፉ ዞረች። ኑላ እንደገና «አትንኪው!» ስትል እኔ ተረጎምኩ።

«የማን ነው አልሽ? የኔ አይደል?» አለች እናቴ። «ታዲያ የኔውን እኔ ባልወስደው ማን ሊወስድልኝ ነው?»

ፈታችው። ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ እዚያው ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ሶፋው ላይ እንደነበረው ድምፅ አልባ እንባ አልነበረም፤ አባቷን በስሙ እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ ሞቱን እንደዛሬ አድርጋ አለቀሰችው። እትዬ ፀዳለ መተቱን ረስተው ግጥም ይደረድሩላት ጀመር። ከዚያ ኑላ ገባችበት። በራሷ ቋንቋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከፍ ዝቅ የሚል ረጅም ዜማ። እትዬ ፀዳለ ግጥማቸውን አቋርጠው አዳመጧት።

«ይቺ ሴት አልቃሽ ናት እንዴ?» አሉኝ።

ጠየቅኳት። የአያቷ እናት ነበሩ አለች፤ ሰው ሲሞት ከመንደር መንደር ይጠሩ ነበር። ስተረጉምላቸው እትዬ ፀዳለ እንደ ዘመድ አቀፏት። በሩጫ የሚያልፍ አንድ ስዊድናዊ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ እርዳታ ትፈልጋላችሁ ወይ አለን። አይ፣ ለቅሶ ላይ ነን አልኩት።

ሲበቃት እናቴ ፊቷን በጨርቁ ጠረገችና የዛፉን ግንድ ነካ ነካ አደረገችው። «አባቴ ዛፍ ላይ ፈትል የሚያስሩትን፣ ለአድባር ቅቤ የሚቀቡትን ሲቆጣ ነው የኖረው» አለች። «የሁላችንን እትብት ግን ግቢያችን ካለው ወይራ ሥር በገዛ እጁ ቀብሯል። እኔ ስሄድ እንኳ ወይራሽ እዚህ አለ፣ ትመለሻለሽ ነው ያለኝ።» ናቲን ከእትዬ ፀዳለ ተቀብላ፣ «የናቲ እትብት ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው» አለች። «የት እንደምቀብረው ጨንቆኝ።»

ቅዳሜ አባቴ ሥራ አልገባም። አምስታችን፣ ኑላን ጨምሮ፣ ዳገቱን ወረድን። ኑላ መጀመሪያ ዛፉን በራሷ ቋንቋ አስፈቀደችልን፤ ከዚያ የአትክልት መቆፈሪያዋን ለአባቴ ሰጠችው። እናቴ የክብሪት ቀፎ ከቦርሳዋ አወጣች። ውስጡ ደርቆ የጠቆረች እትብትና ሆስፒታሉ ያሰረባት የፕላስቲክ መቆንጠጫ አሉ። መቆንጠጫውን አውጥታ ኪሷ ከተተችው። «ይሄ አይበሰብስም» አለች።

አባቴ ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ቀና ብሎ አያያትም። ትንሽ እንደቆፈረ ሊያቆም ሲል እናቴ ተናገረችው።

«ጠለቅ አድርገው እንጂ። ውሻ ያወጣዋል።»

ከግንቦት ወዲህ ከአዎና ከአይ ያለፈ ነገር የነገረችው ገና ያን ጊዜ ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆፈረ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፤ ላቡ አፈሩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ለአንዲት እትብት ሳይሆን ለራሱ ለዛፉ የሚበቃ ጉድጓድ እስኪሆን ድረስ ቆፈረ። ናቲ በእናቴ እቅፍ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ በኋላ ሳቋ አመለጣት፤ ጎንበስ ብላም ትከሻውን ያዘችው።

«በቃህ» አለችው።